ለፎር ዊል መኪና የምርመራና የክትትል መሣሪያ አመራረጥ

በአገራችን ከከተማ ርቆ ምርምር ለማድረግ የሚወጣ ሰው፣ የሥነ ምድርም ሆነ የእርሻ፣ የሕክምናም ሆነ የታሪክ ተማሪ ቢሆን፣ የሥራው መሳካት በአብዛኛው በመኪናው ላይ የተመሠረተ ነው። መንገዱ አስፋልት እስከ ሆነ ድረስ ማናቸውም መኪና ያደርሳል፤ አስፋልቱ ካበቃ በኋላ ግን የሚታመነው በአራቱም ጎማ የሚሳበው፣ በተለምዶ ፎር ዊል የምንለው መኪና ነው። ይህ መኪና ጋራዥ በሌለበት፣ ስልክም በማይሠራበት ስፍራ ቢቆም የሚደርሰው ጉዳት የጊዜ ማባከን ብቻ አይደለም። ውሃ በሌለበት በረሓ የመንገደኛው ሕይወት፣ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት በሚወሰድበት ጊዜም የበሽተኛው ሕይወት በዚሁ ሞተር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከዚህም ሌላ የዋጋ ጉዳይ አለ። መለዋወጫ ዕቃ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ያልተበላሸ ቱርቦ ወይም የናፍጣ ፖምፓ በግምት ፈትቶ በአዲስ መተካት ገንዘቡን ከማጥፋቱም በላይ እውነተኛውን ብልሽት እንደ ነበረ ይተወዋል። መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱም፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ የማቆየትን ነገር ይበልጥ አሳሳቢ አድርጎታል።

በዚህ ጽሑፍ ልንገልጽ የምንሞክረው፣ እንዲህ ላለው መኪና የሚያገለግለው የምርመራ መሣሪያና በጉዞ ላይ የመኪናውን ሁኔታ የሚያሳየው የክትትል መሣሪያ እንዴት ሊመረጥ እንደሚገባ ነው። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው በአገራችን የገጠር መንገድ በብዛት ከሚታየው ከቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው፤ ሐሳቡ ግን ለሌሎቹም ይሠራል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የጽሑፋችን ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ መሣሪያ ሊመረጥ የሚገባው በተግባሮቹ ብዛት ወይም በዋጋው ከፍታ ሳይሆን፣ ባለመኪናው ለሚያነሣው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ባለው ችሎታ ነው። የመሣሪያውም መልስ ትርጉም የሚያገኘው መኪናው ጤነኛ በነበረበት ጊዜ የታየው ንባብ አስቀድሞ ተመዝግቦ ሲገኝ ነው።

ሀ) መኪና ራሱን መመርመር የጀመረበት ምክንያት

መኪና የራሱን ጉድለት መዝግቦ እንዲናገር በመጀመሪያ ያስገደደው የሾፌሩ ምቾት ሳይሆን የአየር ብክለት ሕግ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች የጭስ መቈጣጠሪያ ክፍሎቻቸውን ራሳቸው እንዲመረምሩ አዘዘ። ኦ.ቢ.ዲ. 2 የተባለው የተሻሻለው ደንብ በ1996 በመላው አሜሪካ ለሚሸጡ አውቶሞቢሎችና ቀላል የጭነት መኪኖች ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ደንብ ለቤንዚን አውቶሞቢሎች በ2001፣ ለናፍጣ አውቶሞቢሎች በ2004 ሥራ ላይ አዋለ። ዛሬ ከመሪው በታች የምናገኘው ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ የዚህ ደንብ ውጤት ነው።

ይህን ታሪክ ማንሣታችን ሁለት ተግባራዊ ውጤቶች ስላሉት ነው። አንደኛ፣ ሕጉ የተጻፈው ስለ ጭስ ስለ ሆነ፣ መሣሪያዎች ሁሉ በጋራ የሚያውቁት ቋንቋ የሚያገለግለው ለሞተርና ከጭሱ ጋር ግንኙነት ላላቸው ክፍሎች ብቻ ነው። ፍሬኑ፣ ኀይልን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ካምቢዮ፣ የዲፈረንሺያሉም መቈለፊያ የሚናገሩት በየፋብሪካው ቋንቋ ነው። ፎር ዊልን ከሌላው መኪና የሚለዩት ደግሞ እነዚሁ ክፍሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ሕጉ በሌለባቸው አገሮች ለሚሸጡ መኪኖች ፋብሪካው ደንቡን በሙሉ የመፈጸም ግዴታ አልነበረበትም። ስለዚህ መሰኪያው ባለ 16 ቀዳዳ መሆኑ ብቻ መኪናው የጋራውን ቋንቋ ለማወቁ ማስረጃ አይሆንም። መሰኪያው እያለ ርካሹ መሣሪያ ምንም መልስ የማያገኝበት መኪና አለ።

ለ) ከሁሉ አስቀድሞ የሞተሩን ዐይነት ማወቅ

እንግዲህ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ዐይነት ማወቅ ያስፈልጋል። ለጉዳያችን ሲባል መኪኖቹን በሦስት ወገን መክፈል እንችላለን።

የመጀመሪያው ወገን ሞተሩ ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራው ነው። ከ1990 ጀምሮ በላንድ ክሩዘር ላይ የተገጠመው 1 ኤች.ዜድ. የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ቱርቦ የለውም፤ ናፍጣውንም የሚልከው በሜካኒካዊ ፖምፓ ነው። በሩቅ አገር በሚሠሩ የእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ የተወደደው በዚሁ ቀላልነቱ ነው። ለእንዲህ ያለው ሞተር ስካነር መግዛት ሰው በሌለበት ቤት በር እንደ ማንኳኳት ይቈጠራል። የሚያስፈልጉት በገዛ ሽቦአቸውና በገዛ ሴንሰራቸው የሚሠሩ ጌጆች፣ ይኸውም የውሃ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና የባትሪ ቮልት ጌጆች ናቸው። በኋላ ቱርቦ የተጨመረበት ከሆነ ጭሱ ወደ ቱርቦው ከመግባቱ በፊት ሙቀቱን የሚለካ ጌጅ ይጨመርበታል፤ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጅ ከአየሩ መጠን በላይ ሲበዛ ሙቀቱ ከፍ የሚለው በዚያ ነውና።

ሁለተኛው ወገን ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ገደማ የተሠሩት፣ ኮምፒዩተር እያላቸው የጋራውን ቋንቋ የማያውቁት ናቸው። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች፣ ከኮፈኑ ሥር ባለችው የምርመራ ሣጥን ውስጥ ቲ.ኢ. 1 እና ኢ. 1 የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ተገናኝተው ቁልፉ ሲከፈት፣ የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን ይቈጥራል። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ጥቂት አርፎ፣ እንደ ገና ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለ 22 ማለት ነው፤ ይህም የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን መሥመር ያመለክታል። ለዚህ ወገን መሣሪያው አንድ ቁራጭ ሽቦና የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ነው። ቀዳዳውን መሳት ኮምፒዩተሩን ሊጎዳ ስለሚችል፣ መጽሐፉን ሳይዙ መሞከር አይገባም።

ሦስተኛው ወገን በኮምፒዩተር የሚታዘዙት አዲሶቹ ሞተሮች ናቸው። በ2007 የወጣው 1 ቪ.ዲ. የተባለው ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር ሞተር፣ እንዲሁም በ2015 የወጣው 1 ጂ.ዲ. የተባለው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር ሞተር ከዚህ ወገን ናቸው። በእነዚህ ናፍጣው በአንድ የጋራ ቧንቧ ከ1,000 ባር በላይ ሊደርስ በሚችል ግፊት ተጠብቆ፣ ኮምፒዩተሩ በሚሰጠው ትእዛዝ ይረጫል። ከዚህ በታች የምንለው በይበልጥ የሚመለከተው ይህንን ወገን ነው።

ሐ) ኮድ የሚለውና የማይለው

የጋራው ቋንቋ ኮድ አንድ ፊደልና አራት አኃዝ አለው። ፒ ሞተርንና ካምቢዮን፣ ሲ ፍሬንንና ከመኪናው በታች ያሉትን ክፍሎች፣ ቢ አካሉን፣ ዩ በኮምፒዩተሮቹ መካከል ያለውን መገናኛ ያመለክታሉ። ከፊደሉ ቀጥሎ 0 ካለ ኮዱ በአብዛኛው ለሁሉም የጋራ ነው፤ 1 ካለ ግን የፋብሪካው የራሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮዱን የተበላሸው ዕቃ ስም አድርጎ ሲወስድ ነው። ለምሳሌ ፒ 0299 ማለት ቱርቦው የሚሰጠው የአየር ግፊት ከሚፈለገው በታች ሆኗል ማለት ነው፤ ቱርቦው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የተሰነጠቀ የአየር ጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ፣ የተቀደደ የቫኪዩም ቱቦ፣ ሁሉም ይህንኑ ኮድ ሊያመጡ ይችላሉ። እንዲሁም ፒ 0087 የናፍጣው ግፊት ማነሱን ብቻ ይናገራል። ምክንያቱ ውድ የሆነው ፖምፓ ሊሆን ይችላል፤ በቈሻሻ የተዘጋ የናፍጣ ፊልትሮም ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ኮድ ሐኪም ዘንድ የቀረበ በሽተኛ «ሆዴን አመመኝ» እንደሚለው ነው፤ የምርመራው መጀመሪያ እንጂ ፍርዱ አይደለም።

ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት ኮምፒዩተሩ የሞተሩን ፍጥነት፣ ጭነቱን፣ የውሃውን ሙቀትና የመሳሰለውን አብሮ ያስቀምጣል። ይህ ምስክር ብልሽቱ በዳገት ላይ ወይም በቆመበት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ወይም ሞቆ መሆኑን ያስረዳል። ኮዱ ሲጠፋ ግን ይህም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የሚገዛው መሣሪያ፣ ምንም ርካሽ ቢሆን፣ ይህን የቅጽበት መዝገብ የሚያነብ መሆን አለበት፤ ባለመኪናውም ሁሉንም ሳይጽፍ ኮድ ሊያስጠፋ አይገባውም። መብራቱን ብቻ አጥፍቶ መኪናውን «ዳነ» የሚል ጋራዥ ማስረጃውን አጥፍቶታል።

መ) የቀጥታ ንባብና የከፍታ ነገር

ኮድ የሚመጣው ነገሩ ከወሰን ካለፈ በኋላ ነው። የቀጥታ ንባብ ጥቅሙ ወደ ወሰኑ የሚደረገውን ጉዞ ማሳየቱ ነው። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የዳሽቦርዱ የሙቀት መርፌ ሾፌሩን እንዳያሳስብ ተብሎ በሰፊ ክልል ውስጥ መኻል ላይ እንዲቆም ስለ ተደረገ፣ መርፌው ሲንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ነገሩ አስቀድሞ ተበላሽቷል። በአኃዝ የሚያነብ መሣሪያ ግን ከ88 ወደ 93፣ ከ93 ወደ 98 የሚደረገውን ለውጥ ያሳያል።

ይህን አኃዝ በአገራችን ሲያነቡ የቦታውን ከፍታ ማስታወስ ግድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ወለል 101 ነው። ክፍት ውሃም በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን 100 ኪሎ ፓስካል ያህል ግፊት ከያዘ የመፍያው ሙቀት ወደ 116 ዲግሪ ይወጣል፤ ክዳኑ ካረጀና ግፊት ካልያዘ ግን ውሃው 92 ላይ ሊፈላ ይችላል። ጤነኛ ሞተር የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን ስናስብ፣ በደጋ አገር አንድ ያረጀ ክዳን ምን ያህል አደጋ እንደሚያመጣ ግልጽ ነው። እንዲህ ሲሆን መሣሪያው «95» ቢል አኃዙ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ትርጉሙ በቆላና በደጋ የተለያየ ነው።

በዚሁ ላይ መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር በትክክል የሚሠራው በውሃ ውስጥ እንደ ተነከረ ነው። ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ፈጽሞ ቢፈስ፣ ሴንሰሩ በአየር ላይ ቀርቶ ሞተሩ እየተቃጠለ ዝቅ ያለ አኃዝ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ረጅም የበረሓ ጉዞ ለሚያደርግ መኪና የውሃውን መጉደል የሚያስታውቅ ወይም የሞተሩን ብረት ሙቀት በቀጥታ የሚለካ የተለየ ማስጠንቀቂያ ከማናቸውም ውድ ስካነር ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

የአየር ግፊትን በሚመለከት አንድ ወጪ የሌለው ፈተና አለ። ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት፣ አየር ወደ ሞተሩ በሚገባበት ክፍል ያለው የግፊት ሴንሰር የአካባቢውን አየር ግፊት ማሳየት አለበት። በአዲስ አበባ ወደ 76 ካለ መሣሪያውም ሴንሰሩም ሊታመኑ ይችላሉ፤ 101 ካለ ግን ከሁለቱ አንዱ ስሕተት አለበት። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከሺህ ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ ይህ አኃዝ በመንገድ ላይ ከ75 ገደማ ወደ 90 ገደማ ከፍ ሲል ይታያል። የቱርቦ ጌጅ የሚገዛ ሰውም ጌጁ የሚቈጥረው ከዜሮ ግፊት ጀምሮ ወይም ከአካባቢው አየር ጀምሮ መሆኑን መጠየቅ አለበት። ከዜሮ ጀምሮ 200 የሚለው ግፊት፣ ከአካባቢው አየር ጀምሮ በሚቈጥረው ጌጅ በአዲስ አበባ 124፣ በባሕር ወለል 99 ሆኖ ይነበባል።

የጎማ ግፊት መከታተያም ከዚሁ ጋር የሚታሰብ ነው። በአዲስ አበባ በ15 ዲግሪ ሙቀት 220 ኪሎ ፓስካል የተነፋ ጎማ ወደ አፋር ዝቅተኛ ስፍራ ወርዶ በባሕር ወለል ከፍታ 40 ዲግሪ ሙቀት ቢያገኘው፣ ሙቀቱ ግፊቱን ሲጨምር የውጭው አየር መክበድ ደግሞ ንባቡን ስለሚቀንስ፣ በስሌት የሚገኘው እንደ ገና 220 ነው። አኃዙ አልተለወጠም ማለት ሁኔታው አልተለወጠም ማለት አይደለም።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ባለው ፎር ዊል ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ንባብ የካምቢዮው ዘይት ሙቀት ነው። በአብዛኛው ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ባለው ክልል ይሠራል፤ ከ120 በላይ ሲቆይ ዘይቱ በፍጥነት ያረጃል። በአሸዋ ወይም ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን እንደሚወጣው ባለ ረጅም ዳገት ዝግ ብሎ ሲጓዝ፣ የሞተሩ ውሃ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የካምቢዮው ዘይት ብቻውን ሊግል ይችላል። ይህን አኃዝ የሚያይ ሾፌር መፍትሔው በእጁ ነው፤ የመሬቱ ሁኔታ ሲፈቅድ ወደ ከባዱ ማርሽ ይለውጣል፣ ወይም ቆሞ ያስበርዳል። የማያይ ሾፌር ግን ካምቢዮው እስኪንሸራተት ድረስ ምንም አያውቅም።

የጎማዎቹ ፍጥነትም ጠቃሚ ነው። መኪናው በቀጥታ መንገድ ሲሄድ አራቱ ሴንሰሮች ተቀራራቢ አኃዝ ማሳየት አለባቸው። አንደኛው አልፎ አልፎ ወደ ዜሮ የሚወድቅ ከሆነ ሽቦው ተጎድቷል፣ ወይም ጭቃ ይዞታል። የፍሬኑና የመንሸራተት መከላከያው ኮምፒዩተር የሚፈርደው በዚህ ንባብ ላይ ስለ ሆነ፣ በጭቃ ዳገት ላይ ያለ ምክንያት ኀይል ሊነሣ ይችላል።

ሠ) የመሣሪያዎቹ ዐይነትና ወሰን

በገበያ ላይ የሚገኙትን በአራት እንከፍላቸዋለን።

1ኛ፣ በመሰኪያው ላይ ተሰክታ ከእጅ ስልክ ጋር ያለ ሽቦ የምትገናኝ ትንሽ ማገናኛ ናት። የብዙዎቹ መነሻ ኤልም ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የካናዳ ድርጅት የሠራው ኢ.ኤል.ኤም. 327 ነው። የመጀመሪያው እትም ከቅጂ የሚከላከል መቈለፊያ ስላልነበረው በብዛት ተቀዳ፤ ድርጅቱም በ2022 ሥራውን አቆመ። ስለዚህ በስሙ የሚሸጠው አብዛኛው ቅጂ ነው፤ ከቅጂዎቹም አንዳንዶቹ ትእዛዞቹን በሙሉ አይፈጽሙም። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ለሞተር ኮድና ለቀጥታ ንባብም ያገለግላል፤ የፋብሪካውን ቋንቋ የሚያውቅ የስልክ ፕሮግራም ካልተጨመረበት ግን ወደ ፍሬኑና ወደ ካምቢዮው አይደርስም። የመሰኪያው 16ኛ ቀዳዳ ቁልፉ ተዘግቶም ቢሆን ከባትሪው ኀይል ስለሚያገኝ፣ ብዙ ቀን በሚቆም መኪና ላይ ማገናኛውን ተሰክቶ መተው ባትሪ ይጨርሳል።

2ኛ፣ በዳሽቦርዱ ላይ ተተክሎ የሚቀር መስተዋት ነው። ስልክ በበረሓ ግሎ ሲጠፋ ይህ ይሠራል፤ ወሰን ሲታለፍም በድምፅ ያስጠነቅቃል። ሾፌሩ ዐይኑን ከመንገድ ሳያነሣ እንዲጠቀም ድምፁ ከሥዕሉ ይበልጣል።

3ኛ፣ በእጅ የሚያዝ፣ የብዙ ፋብሪካዎችን ቋንቋ የሚያውቅ ስካነር ነው። ፍሬንን፣ የአየር ከረጢትን፣ ኀይል አከፋፋዩን ካምቢዮ ለማንበብ የሚያስችለው ይህ ነው። ከመግዛት በፊት «ቶዮታን ያነባል» የሚለው ቃል አይበቃም፤ የመኪናውን ሞዴል፣ ዓመትና ሞተር ለይቶ ማንበቡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

4ኛ፣ ቴክስትሪምን የመሰለ የፋብሪካው የራሱ ፕሮግራም ነው። ይህ ከማንበብ አልፎ ያዛል፤ ለምሳሌ አንዱን ኢንጀክተር ለጊዜው አቋርጦ የሞተሩን ለውጥ ያሳያል። ነገር ግን ኀይሉ በበዛ መጠን አደጋውም ይበዛል። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም በሚለወጥበት ጊዜ ባትሪው ቢደክም ወይም ርካሽ ገመድ ቢቋረጥ ኮምፒዩተሩ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ለግለሰብ ሳይሆን ለሠለጠነ ባለሙያ የሚገባ ነው።

የንባቡ ፍጥነትም መታሰብ አለበት። በቀድሞው መሥመር በሴኮንድ የሚያልፈው 10,400 ቢት ብቻ ሲሆን፣ ካን በተባለው በአዲሱ መሥመር በአብዛኛው 500,000 ነው። በቀድሞው መሥመር ዐሥር ንባብ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው እያንዳንዱን እጅግ ዘግይቶ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ብቻ መምረጥ ይሻላል።

ረ) የአመራረጥ ሥርዓት

ከላይ ከተባለው የምንደርስበት ሥርዓት የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የሞተሩ ወገን ይታወቅ። ቀጥሎ ጥያቄው ይጻፍ፦ የሚፈለገው ከጋራዥ ጋር ለመነጋገር ኮድ ማወቅ ነው ወይስ በመንገድ ላይ አደጋን አስቀድሞ ማየት? ለመጀመሪያው ሦስተኛው ዐይነት፣ ለሁለተኛው አንደኛው ወይም ሁለተኛው ዐይነት ይስማማል። አንድ መሣሪያ ሁለቱንም በእኩል ደረጃ የሚፈጽምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ገንዘብ ሳይከፈልበት በራሱ መኪና ላይ ይፈተን፤ ቁልፉ ተከፍቶ የአየር ግፊቱ ይታይ፣ ሌሊት ያደረ ሞተር ሙቀቱ ከአካባቢው አየር ጋር መስማማቱ ይመርመር፣ የካምቢዮው ሙቀትና የአራቱ ጎማዎች ፍጥነት መገኘታቸው ይረጋገጥ።

በመጨረሻም፣ ከሁሉ ርካሽ የሆነውና ከሁሉ የሚዘነጋው መሣሪያ ደብተር ነው። መኪናው ጤነኛ ሳለ በታወቀ መንገድ፣ በታወቀ ጭነት፣ የውሃው፣ የካምቢዮውና የግፊቱ አኃዝ ከቀኑና ከቦታው ከፍታ ጋር በየጊዜው ቢጻፍ፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚታየው የአምስት ዲግሪ ለውጥ ራሱ ይናገራል። በጋራ የሚነዳ የመሥሪያ ቤት መኪና ሾፌር በተለዋወጠ ቍጥር የመኪናው ጠባይ አብሮ የሚረሳ ስለ ሆነ፣ ደብተሩ ከመኪናው ሊለይ አይገባም። የሙቀት ሊቃውንት፣ የሕክምና ተማሪዎች፣ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ለሥራቸው የሚጠብቁትን የመለካትና የመመዝገብ ሥርዓት ለሚያጓጕዛቸው መኪና ቢያውሉት፣ ከሚያተርፉት ገንዘብ ይልቅ በሰላም ተመልሰው ቤታቸው መግባታቸው የሚበልጥ ትርፍ ይሆንላቸዋል።